ከካፖርቱ ሥር

«የአቶ ክንፈ ተጠሪ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ የደወለችው ሴት።

አንድ ሙክት በጉልበቴ ግድግዳ ላይ አጣብቄ የትል መድኃኒት እየጋትኩ ነበር። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ «የምን ተጠሪ?» አልኳት በቁጣ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሰው ምን እንዳለ በቅጡ ሳልሰማ እቆጣለሁ። ይህ አመሌ ያመጣብኝን ጣጣ እደርስበታለሁ።

«ከሆስፒታል ነው የምደውለው። ሲስተር አልማዝ እባላለሁ። ካርዳቸው ላይ ያለው የእርስዎ ስምና ስልክ ነው። አቶ ክንፈ ዛሬ ማለዳ ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ሙክቱ አመለጠኝ። መድኃኒቱ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቱ በጉን ለመያዝ ግቢውን ሲዞር እኔ እዚያው ተገትሬ «ሰውዬው እኮ አንኮበር ናቸው! ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል!» እላለሁ። ስልኩ ከተዘጋ ቆይቷል።

ክንፈ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ስማቸውን የቀየርኩት እሳቸው ለዓመታት ሸሽገው የያዙትን ነገር ልጽፍ ስለሆነ ነው። የሞተን ሰው ምስጢር ማውጣት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ዝም ማለቱም ሌላ ነውር ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ደብረ ብርሃን ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ የተመደብኩት ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ ሁሉን የማውቅ እየመሰለኝ ነው። ጋሽ ክንፈ ያኔ ፀጉራቸው ገብስማ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ነበሩ። የጎረቤላ ቄስ ልጅ ናቸው፤ እስከ ድቁና ተምረው ነው ወደ እንስሳት ሕክምና የገቡት። ባለቤታቸው እኔ ከመምጣቴ በፊት ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከጥቅምት እስከ ሰኔ አንድ አረንጓዴ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደግሞ ያንኑ ካፖርት ይለብሳሉ። በደብረ ብርሃን ብርድ ካፖርት የለበሰን ሰው ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ በግ አቅርበው «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ወፍራም ነው» አልኩ። የመንዝ በግ ነው፤ ጠጉሩ ተነፍቶ በሩን ሞልቶታል።

ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ የሚንቀሳቀሰው ትከሻቸው ብቻ ነው። እጄን ያዙና ወገቡ ላይ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ጀርባ አሳረፉት። ከጠጉሩ ሥር አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፎ ቆሟል።

«እኛ አገር በጉም ሰዉም የሚለብሰው ወፍራም ነው» አሉኝ። «ዓይንህን አትመን። በእጅህ እይ።»

ለሥጋው ውፍረት የሚሰጠው ቁጥር ከአምስት ነው። አምስት ጮማ የተከመረበት፣ ሦስት ደህና፣ አንድ ቆዳና አጥንት። ለውሻም ያቺኑ አምስት ነበር የሚጠቀሙት። ነክቶ ዝም ማለት ግን በእሳቸው ዘንድ ወንጀል ነው። «ቁጥሩን ጥራ!» ይሉኛል። በልቤ ይዤ ከቆየሁ ይቆጣሉ። «አንተ ብቻ ካወቅኸው ለበጉ ምን ፈየደለት? ጮክ በል!»

አንድ የገበያ ቀን ዓይኔን በፎጣ አሥረው ግቢው ውስጥ የተሰለፈውን በግ ሁሉ አስነኩኝ። «ሦስት! ሁለት! ሦስት ተኩል!» እያልኩ ስዳብስ ስዳብስ የአንዱን ባለበግ ጎን ጨበጥኩና «ሁለት!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ጨዋታ አዋቂ ነው፤ «እውነቱን ነው፣ ዘንድሮ ከስቻለሁ» አለ። ጋሽ ክንፈ በትከሻቸው ሲስቁ ሲስቁ እንባቸው ወረደ። ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ፣ ገና በበሩ ስገባ ጎናቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው «ዛሬ እኔን አትንካኝ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

በውሻ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። እኛ አገር ውሻን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ቁስሉን ለመስፋት በገመድ ጠፍሮ አራት ሰው ይቀመጥበታል፤ አለቀ። እኔም እንደዚያው ነበር የጀመርኩት። አንድ ቀን የኋላ እግሩ በቆርቆሮ የተተለተለ ውሻ አሥሬ የስፌቱን መርፌ ልሰድ ስል ከኋላዬ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አፉን አሥሬዋለሁ ጋሼ፤ አይነክሰኝም።»

«እሱን መቼ ጠየቅኩህ? ስላልጮኸ ያላመመው መሰለህ?»

ያን ዕለት ነው ነርቭ ማደንዘዝ ያስተማሩኝ። በኮሌጅ ተነግሮኝ ነበር፤ ሲደረግ ግን አላየሁም። በሌላ አገር ነርቩን በመሣሪያ እያዩ ነው መርፌውን የሚወጉት አሉ። የጋሽ ክንፈ መሣሪያ ጣታቸው ነው። ከዳሌው አጥንት ጉብታና ከመቀመጫው አጥንት መካከል ጣታቸው ትሄድ ትሄድና አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች። እዚያች ላይ መርፌውን ይሰዱና፣ ደም ሥር ውስጥ እንዳልገባ ለማረጋገጥ ወደ ኋላ ስበው ያዩና፣ ማደንዘዣውን ቀስ አድርገው ይለቁታል። ሁለተኛውን በብሽሽቱ በኩል፣ ደም ሥሩ ትር ትር ከሚልበት ፊት ለፊት ይወጋሉ።

ከዚያ መጠበቅ ነው፤ የምንጨቃጨቀውም እዚህ ላይ ነበር። እኔ ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይጀምራሉ፤ ሰኞ ከሆነ የሰኞን፣ ማክሰኞ ከሆነ የማክሰኞን። ቆመው፣ በለሆሳስ፣ አንድ እጃቸውን ውሻው ደረት ላይ አድርገው። ደግመው ሲጨርሱ እግሩ ተኝቷል። ያኔ የውሻውን ጣት በመቆንጠጫ ይይዙና «ዓይኑን እይ» ይሉኛል። እግሩን አይሉም፤ ዓይኑን ነው።

«ይኼ መድኃኒት እኮ አያድንም» ይሉኝ ነበር። «ወሬ አድራሹን ነው ያስተኛነው። እግሩ እንደተጎዳ ነው ያለው፤ እሱን እንዳትረሳ።»

እሳቸው የራሳቸውን ወሬ አድራሽ ካስተኙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ያኔ ማን ነገረኝ?

ዘንድሮ ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ እትዬ የሺ አንዲት ውሻ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው መጡ። እትዬ የሺ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር በተፈናቃዮቹ መጠለያ ውስጥ በሸራ ቤት የሚኖሩ ሴት ናቸው። የውሻዋ ስም ዳማ ነው። የጭነት መኪና የኋላ እግሯን ፈጭቶታል፤ ከጉልበቷ በታች የቀረ ነገር የለም።

«ስንመጣ ባዶ እጃችንን ነው የመጣነው» አሉ እትዬ የሺ። «እቺን እዚህ ነው ያገኘናት። ሸራ መዝጊያ የለውም፤ መዝጊያዬ እሷ ናት። አደራችሁን።»

ሆዷን ዳበስኩ። እርጉዝ ናት፤ ለመውለድም ሩቅ አይደለችም። «ሙሉ በሙሉ እናስተኛትና እንቁረጠው» አልኩ።

«እሷን ካስተኛናት ቡችሎቹም አብረው ይተኛሉ፤ ላይነቁም ይችላሉ» አሉ ጋሽ ክንፈ። «እግሯን ብቻ እናስተኛው። አንተ ነህ የምትወጋው።»

መርፌውን አነሳሁ። እጃቸውን እጄ ላይ ደረቡት። በረዶ ነው የሚመስለው። «ኧረ ጋሼ ጓንት ግዙ!» አልኳቸው። ቅዝቃዜውን አወቅኩ፤ እጃቸው እንደ ገለባ የቀለለ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም። ጣቴ ቦታዋን አገኘች። ወጋሁ። እትዬ የሺ የዳማን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠግተው «አይዞሽ የኔ እመቤት» ይሏታል። ጋሽ ክንፈ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። ግማሹ ላይ ሲደርሱ የመድኃኒት ሳጥን ስበው ተቀመጡ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተቀምጠው ሲደግሙ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዳማ አንዴም ሳታለቅስ፣ ዓይኗን ገልጣ እያየችን እግሯ ተቆረጠ። ጋሽ ክንፈ ጀርባዬን መታ አድርገው «ከእንግዲህ እኔ ብሞትም ግድ የለም» አሉኝ። «አሁንስ አበዙት!» ብዬ ሳቅኩ።

ሌላም ያየሁት ነገር ነበር። በዚያው ሰሞን ቀበቷቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በወፍራሙ የቆዳ መስፊያ መርፌ አዲስ ቀዳዳ ሲበሱ አየሁ። «ጋሼ፣ ጾሙ ዘንድሮ ጠንክሯል» አልኳቸው። «ጠንክሯል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ የበግ ወገብ እየዳበስኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ።

ዳማን ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ክፍል ገለባ አንጥፈን አኖርናት። አራት ቡችሎች ወለደች። የሚመግቧት ጋሽ ክንፈ ናቸው። ከወለደች በሁለተኛው ሳምንት ጎኗን ዳብሼ «ሦስት!» ብዬ ጮህኩ፤ ስትመጣ ሁለትም አልሞላችም ነበር። ምን እያበሏት ነው ብዬ ገረመኝ።

በዚያው ሳምንት የውሾችን የእብደት በሽታ ክትባት ልሰጥ መጠለያው ሄጄ ነበር። አንድ ጥግ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። የጤና ሠራተኞች የሕፃናቱን ክንድ በባለ ቀለም ሜትር ይለካሉ፤ ቀዩ ላይ የወደቀ ፕላምፒናት ይሰጠዋል። ያ በለውዝና በወተት የሚሠራው፣ ከከረጢቱ እየተጨመቀ የሚበላው ምግብ ነው። ክንዳቸው የእኔን አውራ ጣት የሚያህል ሕፃናት አየሁ። ምግቡ እየተሰረቀ ሱቅ ይሸጣል የሚል ሐሜትም እዚያው ሰማሁ። ክትባቱን ጨርሼ ተመለስኩ።

በማግስቱ የዳማን ገለባ ስቀይር ከሥሩ ዘጠኝ የተቀደደ የፕላምፒናት ከረጢት አገኘሁ።

ደሜ ፈላ። ከረጢቶቹን አፍሼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ጋሽ ክንፈ ጎንበስ ብለው የላም ጡት እያዩ ነበር። ግቢው በባለከብት ሞልቷል፤ እትዬ የሺም ዳማን ሊጠይቁ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?» ብዬ እግራቸው ሥር በተንኩት። «አንተ! አታፍርም? ከሕፃናት አፍ ነጥቀህ ለውሻ? ከየትኛው ሌባ ነው የገዛኸው?»

አንተ አልኳቸው። ዘጠኝ ዓመት እርስዎ ያልኳቸውን ሰው፣ በሰው ፊት።

ቀና አሉ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ቀጥሎ እትዬ የሺን። ጎንበስ ብለው የቆዩበት ወገባቸው እንዳይከዳቸው ላሟን ተደግፈው ነበር።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ጎንበስ ብለው ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ለቅመው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። እትዬ የሺ ክንዴን ይዘው «ነውር ነው ልጄ፣ ምነው?» አሉኝ። «የእርስዎ የልጅ ልጆች ምግብ እኮ ነው!» ብዬ በእሳቸውም ላይ ጮህኩ። ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ራሴን እንደ ጀግና ነበር የቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አላናገርኳቸውም። ዳማን ከነቡችሎቿ እትዬ የሺ ወሰዷት፤ ዛሬም በሦስት እግሯ ያንን ሸራ ትጠብቃለች። ጋሽ ክንፈ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ እኔም እሠራለሁ። በጸሎተ ሐሙስ ከክሊኒኩ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«የፋሲካ ዕለት ብቅ በል። አብረን እንፈስካለን። የምነግርህም ነገር አለኝ» አሉኝ።

«አያለሁ» አልኳቸው። ዓይናቸውን እንኳ አላየሁም። ፋሲካ መጣ፤ አልሄድኩም። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው፣ ትንሽ ይክረሙ ብዬ ነው። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ «አንኮበር ዘመድ ጠይቄ ልምጣ» ብለው ፈቃድ ወሰዱ። እውነቱን ልናገር፤ ፊታቸውን የማላይበት ቀን በመገኘቱ ቅልል አለኝ።

እንግዲህ ሲስተር አልማዝ የደወለችልኝ በዚህ መካከል ነው።

ሆስፒታል ስደርስ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀብላ አስቀመጠችኝ። በእድሜ ታላቅ እህቴ የምትሆን፣ መነጽር ያደረገች፣ ድካም የተጫናት ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ባለ ቀለም የክንድ ሜትር አለ፤ መጠለያው ውስጥ እንዳየሁት ያለ፣ ረዘም ያለ። ካፖርታቸውን በላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ። ስቀበላት ክብደቱ እጄን ወደ መሬት ሳበው።

«ኪሳቸው ውስጥ ብረት አለ» አለች። «ምን እንደሆነ አላወቅኩትም።»

አወጣሁት። ሁለት የሰኮና መቁረጫ ጉጠትና አንድ መዶሻ ነው። ከአምና ጀምሮ በየወሩ አንድ ጠዋት መሣሪያውን ከመደርደሪያ እያነሱ ሲወጡ አያቸው ነበር። ገጠር ሰኮና ሊያስተካክሉ የሚሄዱ ነበር የሚመስለኝ።

ሲስተር አልማዝ ብረቱን አየች፤ ሚዛኑን አየች፤ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ካፖርቴን አላወልቅም፣ ይበርደኛል ይሉኝ ነበር» አለች። «ሚዛኑ ላይ ኪሎአቸው ይጨምራል፤ ክንዳቸውን ስለካ ደግሞ ይቀንሳል። እኔ ሞኟ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ አስቀየርኩ!»

«ለምን ነበር የምትመዝኛቸው?» አልኳት።

«እንዴት ለምን? ክሳቱ ነው እኮ የጣላቸው። መድኃኒታቸውን አንድ ቀን ዘለው አያውቁም። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን የምግብ ፍላጎታቸው ጠፋ። በደማቸው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ወረደ፤ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። እንደዚያ ለተጎዳ ሰው ትንሽ የሳንባ ምች ትበቃዋለች።»

«ቫይረስ?»

መነጽሯን አወለቀች።

«አታውቅም ነበር?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አምላኬ!» አለች። «ያውቃል ብለውኛል እኮ! ሰባት ዓመት ነው ስምህ እዚህ ካለ። መድኃኒት ለጀመረ ሰው አንድ የሚያውቅለት ሰው ያስፈልጋል። ያንተን ስም ሰጡኝ። ነግረውታል ወይ ስላቸው ‹ገና ነው፤ ግን እጁ ጥሩ ነው፣ ሳልነግረው ይደርስበታል› ይሉኛል። በመጡ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ፤ እጁ ጥሩ ነው ይሉኛል። አምና ‹አሁን ያውቃል› አሉኝ። እኔም አመንኩና ጻፍኩት።»

ካርዱን አዙራ አሳየችኝ። ስሜ በእሷ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ከጎኑ «ያውቃል» ይላል።

«ፕላምፒናትስ?» አልኳት።

«አዘዝኩላቸዋ። ለአዋቂም እንሰጣለን፤ እንደዚያ ለከሳ ታካሚ መድኃኒቱ እሱ ነው። ግን ወተት አለበት፤ ሁዳዴ ነው። የንስሐ አባትዎን ያስፈቅዱ አልኳቸው። ለማስፈቀድ ደግሞ ሕመሙን መናገር ሊኖርባቸው ነው። የንስሐ አባታቸው የአባታቸው ተማሪ ናቸው አሉ፤ አፋቸው እንቢ አለ። እየበሉ ነው ብዬ በየሁለት ሳምንቱ እሰጣቸዋለሁ፤ ለካ አልቀመሱትም። መጨረሻ ላይ ሲያምኑልኝ ‹ግድ የለም፣ ለምታጠባ እናት ሰጥቻታለሁ። ከፋሲካ በኋላ ግን እኔው እበላዋለሁ› አሉኝ።»

ዳማ!

«ከፋሲካ በኋላስ?»

«ዳግማ ትንሣኤ እንዳለፈ መጡ። አንድ ካርቶን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። አልወስድም አሉ። ለመንኳቸው። ‹የሕፃናት ምግብ ነው ልጄ፤ ከሕፃናት አፍ ነጥቄ አልበላም› አሉኝ። በዚያው ሳምንት ወደቁ። ተጠሪዎን ልጥራው ስላቸው ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሹት አሉ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ያንን ነገር ማን በጆሯቸው እንደነገራቸው ባውቅ!»

እኔ አውቃለሁ። ግን አልነገርኳትም። ካፖርቱን ታቅፌ ወጣሁ፤ በሩን በየት በኩል እንዳገኘሁት አላስታውስም።

አስከሬናቸውን ወደ ኪራይ ቤታቸው ወሰድነው፤ በማግስቱ ጎረቤላ ከአባታቸው ጎን ሊቀበሩ ነው። የንስሐ አባታቸው ሲመሽ ሳይመሽ ደረሱ። ሸምገል ያሉ፣ መቋሚያቸው ላይ የሚያርፉ ቄስ ናቸው። የወንድ ዘመድ ስላልነበረ ከእሳቸውና ከአንድ ጎረቤት ጋር የማጥበው እኔ ነበርኩ። ልብሳቸውን አወለቅን። ሁለት ሹራብ፣ ከሥሩ ወፍራም ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ ሥር ሌላ ሹራብ። ልብሱ እያለቀ ሲሄድ ሰውዬው አብረው ያለቁ መሰለኝ።

ቄሱ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ይህን ገላ ይዘው ነው ሁዳዴን የጾሙት?» አሉ። «ምነው ክንፈ! ምነው ብትነግረኝ! በሽተኛን ማን ጹም አለው? በአንዲት ቃል እፈታህ አልነበር?» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ነበር ሕመማቸው ልጄ?»

«ሳንባቸው ነው አባ» አልኩ። ቢያንስ ያቺን ልጠብቅላቸው ብዬ።

ውሃ የያዝኩበትን ጣሳ መሬት አስቀመጥኩ። እጄን ወገባቸው ላይ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ጀርባ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ አሳረፍኩት። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እጄ እዚህ ደርሶ አያውቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ። መዳበስም አላስፈለገኝም።

«አንድ» አልኩ።

ድምፄ አልወጣም። ጮክ በል ይሉኝ ነበርና፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት።